«ተቀበል!» የሚል ጩኸት

ልጁ አምስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በሙዚቃ ሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ኤድዋርድ በሚል ስም ይታወቃል። ጊዜው የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፊላደልፊያ ከተማ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረ የሕፃናት የቀን ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ፒያኖ ወዳለበት ክፍል እየጮኸና እየተወራጨ ይገባል። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ሰው አላባበለውም፣ አልተቆጣውም፣ ጩኸቱ እስኪያልፍለትም አልጠበቀም። ልጁ የሚጮኽበትን የድምፅ ከፍታ በጆሮው ያዘና እዚያው ላይ መጫወት ጀመረ። ልጁ ድምፁን ሲያነሣ ፒያኖው አብሮት ወጣ፤ ልጁ ትንፋሽ ሊሰበስብ ሲያርፍ ፒያኖውም አረፈ። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ከፒያኖው ድምፆች ጋር መገጣጠም ያዘ። ለቅሶ ነው እንዳይባል ዜማ አለው፣ ዜማ ነው እንዳይባል አሁንም ለቅሶ ነው። ያ ክፍለ ጊዜ በድምፅ ተቀርጾ ስለነበር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተለያዩ ተመራማሪዎች እንደገና አዳምጠውት ምን እንደሆነ ተከራክረውበታል። ሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም አልሰጡትም።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአዝማሪ ቤት ነው። ከታዳሚው መካከል አንዱ ብድግ ይልና «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ስንኙን ያነሣል፣ ማሲንቆው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ዜማ አልብሶ ለባለቤቱ ይመልስለታል። ስንኙ አንካሳ ቢሆን እንኳ በአዝማሪው አፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የሰጠውም ሰው «ይኸ የእኔ ነው» ብሎ ደስ ይለዋል። ፊላደልፊያ ያለው ልጅ ቃል አልነበረውም፤ የሰጠው ጩኸት ነው። የሰጠውን ግን የሚቀበለው አገኘ።

የሙዚቃ ሕክምና የሚባለው ነገር እምብርቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ሲወራ የምንሰማው ግን ከዚህ የራቀ ነው፦ ለስላሳ ሙዚቃ ክፈቱለት፣ ይረጋጋል፤ ክራር አስተምሩት፣ አደብ ይገዛል። ሁለቱም ክፉ ምክር አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ልጁ የሚሰጠውን አይቀበሉም። የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው።

ከኮሌጅ መምህርነት ወደ ሕፃናት መኖሪያ

ፒያኖ የሚጫወተው ሰው ፖል ኖርዶፍ ይባላል። አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ በታዋቂው የጁልያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ለኪነ ጥበብ ሰዎችና ለምሁራን የሚሰጠውን የጉገንሃይም የገንዘብ ድጋፍ ሁለት ጊዜ ያገኘ፣ በኒው ዮርክ ግዛት በባርድ ኮሌጅ የሚያስተምር። በዓለም ሚዛን ደርሷል የሚባል ሰው ነው። በ1958 ለጥናት ዕረፍት ወጥቶ አውሮፓን ሲዞር፣ እንግሊዝ ውስጥ ዉስተርሸር በሚገኘው ሰንፊልድ የተባለ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት መኖሪያ ደረሰ። እዚያ ሕፃናቱ ለሙዚቃ የሚሰጡትን መልስ አየ። ወደ ሥራው ተመልሶ እንደ ወትሮው መቀጠል አልቻለም። የኮሌጅ መምህርነቱን ተወና በ1959 ወደ ሰንፊልድ ተመልሶ፣ በዚያው ከሚያስተምረው ከእንግሊዛዊው ክላይቭ ሮቢንስ ጋር ሥራ ጀመረ። አንዱ ፒያኖ ላይ፣ ሌላው ከልጁ አጠገብ። ጥምረታቸው እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቆየ፤ ዛሬ ኖርዶፍ-ሮቢንስ በሚል ስም የሚታወቀው አሠራር ከእነዚያ ዓመታት የወጣ ነው።

እነርሱ ብቻ አልነበሩም። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በሞሉባቸው ሆስፒታሎች ሙዚቀኞች ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1944 የመጀመሪያውን የትምህርት መርሐ ግብር ከፍቷል፤ የሙያው ብሔራዊ ማኅበርም በ1950 ተመሥርቷል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጁልየት አልቪን የተባለች ፈረንሳይ የተወለደች የቼሎ ተጫዋች በ1958 ማኅበር አቋቁማ፣ አሥር ዓመት ቆይታ በለንደኑ ጊልድሆል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሥልጠና አስጀምራለች። የኖርዶፍን ታሪክ ያስቀደምኩት ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ስላገናኘ ነው፦ አስቸጋሪ የተባለ ልጅ ምን ይሻለዋል የሚለውንና፣ ሰው ሥራውን ከልቡ የሚወደው መቼ ነው የሚለውን።

«አሳዳጊ የበደለው»

በእኛ ዘንድ የሚያስቸግር ልጅ ስም አያጣም። ረባሽ፣ ቀበጥ፣ አመለኛ፣ አልታዘዝ ባይ። ከሁሉም የከፋው ግን «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ነው፤ ልጁንም እናቱንም በአንድ አፍ ይሰድባል። የባህርይ ችግር በሚለው አንድ ስያሜ ሥር ግን በጣም የተለያዩ ልጆች አሉ። ትኩረቱን መሰብሰብና ሰውነቱን ማሳረፍ የሚቸግረው፣ ኦቲዝም ኖሮበት የአምፖል ብርሃንና የሰው ጫጫታ ሲበዛበት ራሱን የሚመታ፣ ከቤት ወይም ከመንገድ ያየው ነገር ሌሊት እያስጮኸ ቀን የሚያጣላው፣ መናገር የሚፈልገው እያለ ቃሉ የማይመጣለት። ሁሉም ወንበር ይገለብጡ ይሆናል። ወንበሩን ያስገለበጠው ነገር ግን አንድ አይደለም።

በሙዚቃ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሙያተኛው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፈው ይህን በመለየት ነው። ልጁ ምን ሰምቶ ይቀርባል? ከምን ይሸሻል? ሲመታ ምቱ ይደገማል ወይስ ይበታተናል? ሰው አብሮት ሲጫወት ያስተውላል? ከዚያ በኋላ ግብ ይጻፋል። ግቡ ስለ ሙዚቃ አይደለም፤ «ተራ ይጠብቃል»፣ «ሲናደድ ሳይማታ ሌላ መንገድ ይፈልጋል»፣ «የሌላ ልጅ ድምፅ ሰምቶ ይመልሳል» የሚል ነው። በየጊዜውም ይመዘናል። ይህ ጽሑፍና ልኬት ባይኖር ኖሮ ከሙዚቃ ጨዋታ የሚለየው ነገር ባልኖረ ነበር፤ ሕክምና የሚያሰኘው ይህ ነው።

ክፍለ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ በሳምንት አንዴ። በሰላምታ ዜማ ይከፈታል፤ የልጁ ስም ዜማው ውስጥ አለ። በስንብት ዜማ ይዘጋል። ለምን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት? ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ ለሚውል ልጅ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ሠላሳ ደቂቃ ዕረፍት ነው።

መካከሉ ግን አይታወቅም። አንድ ልጅ ከበሮውን እንደ ጠላት እየደበደበ ነው እንበል። ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሆን ከበሮው ይነጠቃል። እዚህ ሙያተኛው በዚያው ኃይልና በዚያው ፍጥነት አብሮ ይገባል። ልጁ ይሰማዋል፤ «ይኸ ሰውዬ የሚያደርገው እኔ የማደርገውን ነው»። ለመፈተን ይፈጥናል፣ ሙዚቃውም ይፈጥናል። ያቆማል፣ ሙዚቃውም ያቆማል። ብዙ ልጆች ቀና ብለው የሰውን ፊት የሚያዩት እዚህች ቅጽበት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሙያተኛው በጥቂት በጥቂቱ ፍጥነቱን የሚያወርደው፤ ልጁ አሁን አብሮ ስላለ አብሮ ይወርዳል። ከልጁ ስሜት ተነሥቶ ወደሚፈለገው ስሜት መሄድ የሚለውን ይህን መርሕ አይራ አልትሹለር የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1940ዎቹ ጽፎታል። ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፦ አልቃሿ መጀመሪያ ታስለቅሳለች፣ ማጽናናቱ በኋላ ይመጣል።

ሌላው ሥራ መቆምና መጠበቅ ነው። ሙያተኛው አንድ የዜማ ሐረግ ይዞ ይመጣና መዝጊያዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል። የመጨረሻዋ ምት የልጁ ናት። በቃል «ጠብቅ» ሲባል ሦስት ሰከንድ የማይታገሥ ልጅ፣ ዜማው ራሱ «ገና ነው… ገና ነው… አሁን!» ስለሚለው ይጠብቃል። ቡሄ ሲጨፍር ያደገ ሰው ይህ አይከብደውም። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ ዱላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ «ሆ!» የምትባልበት ቦታ አለቻት፣ ቀድሞ ያላት ልጅ ወዲያው ይታወቅበታል፣ በሚቀጥለው ዙር ያስተካክላል። አዲስ ዓመት ላይ ልጃገረዶች «ለምለም» እያሉ የሚቀበሉትም እንዲሁ ነው። ተራ መጠበቅ፣ ራስን መግታት፣ የሌላውን ድምፅ መስማት፤ የባህርይ ባለሙያ በግብ ዝርዝር የሚጽፋቸው ነገሮች በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ተሰፍተው አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ወይም ውጭ አገር ከሐበሻ ልጆች ጋር የሚሠራ ሰው መነሻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም።

ቅኝትን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር፤ የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሜጀር ትዝታ በሚባለው ቅኝት ውስጥ ያሉት አምስት ድምፆች አንዱ ከሌላው በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚጠጋ የለባቸውም። ስለዚህ አንድ ልጅ በዚህ ቅኝት በተቃኘ ክራር ላይ እጁ ያረፈበትን ቢመታ እርስ በርስ የሚቆራቆስ ድምፅ አይወጣውም። ኖርዶፍም፣ በልጆች የሙዚቃ ትምህርት የሚታወቀው ጀርመናዊው ካርል ኦርፍም ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት የተጠቀሙት ከዚሁ የተነሣ ነው። ቀኑን ሙሉ «ተሳሳትክ» ሲባል ለዋለ ልጅ፣ መሳሳት የማይችልበት መሣሪያ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንቺሆዬ ግን ጎን ለጎን የተጠጉ ድምፆች ስላሉት ውጥረት አለው፤ እርሱንም ሙያተኛው የልጁን ቁጣ ለመቀበል ሲፈልግ ሊያነሣው ይችላል።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም ልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። ድምፅ የሚያሳምማቸው ልጆች አሉ፤ ጆሮውን የያዘን ልጅ ከበሮ አጠገብ ማስቀመጥ ማሠቃየት ነው።

ጦር የወረወረው ንጉሥ

ዳዊት በገና ሲደረድርለት ሳኦል እፎይ ይል እንደነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል፤ በገና ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ይጠቅሳል። ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ብለን ስናነብ ግን ያው ሳኦል፣ ያው በገና እየተደረደረለት፣ ዳዊትን ከግድግዳ ጋር ሊያጣብቀው ጦር ወረወረ። የሙዚቃ ሕክምናን በተመለከተ የተደረጉ ጥናቶችን ሳነብ ሁለቱም ምዕራፎች ትዝ ይሉኛል።

በ2004 ክርስቲያን ጎልድና ባልደረቦቹ የአእምሮና የባህርይ ችግር ያለባቸውን ልጆችና ወጣቶች የሚመለከቱ 11 ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ፤ በድምሩ 188 ልጆች ነበሩ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ የሚባል፤ በተለይ የባህርይና የዕድገት ችግር ላለባቸው። ነገር ግን 188 ልጅ ጥቂት ነው።

ትልልቆቹ ሙከራዎች ሲመጡ ሥዕሉ ተለወጠ። በሰሜን አየርላንድ ከ8 እስከ 16 ዓመት ያሉ፣ የስሜት፣ የባህርይና የዕድገት ችግር ያለባቸው 251 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ለአሥራ ሁለት ሳምንት የሙዚቃ ሕክምና አገኙ። በ2017 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ዋናው መለኪያ በነበረው የመግባባት ችሎታ ላይ በአጠቃላይ ልዩነት አልታየም፤ ከ13 ዓመት በላይ ያሉት ላይ ግን ታየ። የሕክምናው ጊዜ እንዳበቃ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ ብሎ፣ ድብርታቸው ቀንሶ ነበር፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን ልዩነቱ አልዘለቀም። በዚያው ዓመት በዘጠኝ አገሮች የተካሄደና 364 ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችን ያካተተ ሙከራ ወጣ። ለአምስት ወር የተሰጠው የሙዚቃ ሕክምና ከተለመደው እንክብካቤና ለወላጅ ከሚሰጥ ምክር ጋር ሲነጻጸር የማኅበራዊ ግንኙነት ምልክቶችን አላሻሻለም።

ታዲያ በ2022 የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች ኦቲዝምን የሚመለከቱ 26 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1165 ተሳታፊዎችን አንድ ላይ ሲያዩ፣ የሙዚቃ ሕክምና ያገኙት በአጠቃላይ ሁኔታቸው፣ በኑሮ ጥራታቸውና በምልክቶቹ ክብደት ላይ የመሻሻል ዕድላቸው ከፍ ያለ ሳይሆን እንደማይቀር ደመደሙ። በማኅበራዊ ግንኙነትና በንግግር ላይ ግን ግልጽ ማስረጃ አላገኙም።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ፍርድ ይኸ ነው። የሙዚቃ ሕክምና ልጅን የሚያድን ተአምር ነው ብሎ ከወላጅ ገንዘብ የሚቀበል ሰው እውነት አይናገርም። ዋጋ የለውም የሚለውም እንዲሁ። የሰሜን አየርላንዱ ጥናት ለእኔ ትልቁን ነገር የተናገረው «አልዘለቀም» ባለበት ቦታ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ግማሽ ሰዓቶች ስድስት ሰዓት ናቸው። በስድስት ሰዓት የተገኘ ነገር ቤትና ትምህርት ቤት ካልተቀበሉት ወዴት ይሄዳል? እናት የሰላምታውን ዜማ ካላወቀችው፣ መምህሩ «ገና ነው… አሁን!» የምትለዋን ብልሃት ክፍሉ ውስጥ ካልተጠቀመባት፣ ልጁ የተማረው ተራ መጠበቅ በዚያች ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

በዚህ አጋጣሚ የሞዛርት ነገርም ይነሣ። በ1993 የታተመ አንድ አጭር ጥናት ሞዛርትን ለአሥር ደቂቃ ያዳመጡ የኮሌጅ ተማሪዎች በቅርጽና በቦታ ጥያቄዎች ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተሻሉ ብሎ ነበር። ሕፃን አልነበረበትም፣ የባህርይ ችግር አልነበረበትም። አምስት ዓመት ሳይሞላ የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ለአራስ ልጆች ሁሉ የሙዚቃ ሲዲ በመንግሥት ገንዘብ እንዲታደል ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬም በስልካችን የሚላኩልን «ልጅዎን የሚያረጋጋ ሙዚቃ» ቪዲዮዎች የዚያ ወሬ ልጆች ናቸው።

እንጀራ፣ ሹመት፣ ጥሪ

እስካሁን ስለ ልጁ ተናገርን። ሥራውን የሚሠራው ሰውስ?

ኤሚ ሬዝኔስኪ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ1997 ባሳተሙት ጥናት 196 ሠራተኞችን ሥራቸውን እንዴት እንደሚያዩት ጠየቁ። መልሶቹ በሦስት ተከፈሉ፤ በአማርኛ ብናስቀምጣቸው እንጀራ፣ ሹመት፣ ጥሪ የምንላቸው ናቸው። አንዱ ሲሦ «ለእንጀራዬ ነው» አለ፣ አንዱ ሲሦ ወደ ላይ መውጫ መሰላል አደረገው፣ አንዱ ሲሦ ደግሞ ያለዚህ ሥራ ራሴን አላውቀውም አለ። የሚገርመው ሦስቱ በሥራ ዓይነት አልተለያዩም። አንድ ዓይነት የቢሮ ሥራ ከሚሠሩ ረዳቶች መካከል እንኳ ሦስቱም ተገኙ።

እርሷው ከጄን ዳተንና ስሟ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ካልሆነው ከገላዬ ደበበ ጋር በ2003 ያወጣችው ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ ጠለቅ ይላል። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን አነጋገሩ። የሥራቸው ትርጉም የሚሠራውና የሚፈርሰው በየቀኑ ከሰው ጋር በሚገናኙበት ቅጽበት ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ሰላም ስትል፣ ታማሚው ሲያመሰግን፣ ወይም ሐኪሙ እንደ ዕቃ አልፏቸው ሲሄድ። ያው ወለል፣ ያው መወልወያ፤ ግን የሰጡትን የሚቀበል ሰው ያገኙበት ቀንና ያላገኙበት ቀን አንድ አልነበሩም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የኖርዶፍ ውሳኔ አላስገረመኝም። የኮሌጅ አዳራሽ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከዚህ በፊት ለማንም ያልመለሰ ልጅ አንዲት ምት ሲመልስ፣ ያ መልስ ለዚያ ሰው ብቻ የተላከ ነው። ሙያው ያረካል የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ይህን ነው።

ግን ጥሪ የሚባለው ነገር ሌላ ፊት አለው፤ ወጣቶች ቢሰሙት እወዳለሁ። ስቱዋርት በንደርሰንና ጄፍሪ ቶምሰን በ2009 በአሜሪካና በካናዳ በእንስሳት ማቆያ የሚሠሩ 982 ሰዎችን አጥንተው ነበር። ሥራውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ይበልጥ ትርጉም ያገኙበታል፤ በዚያው ልክ ደመወዛቸውን፣ ጊዜያቸውንና ምቾታቸውን ለመስጠት የፈቀዱ ናቸው፣ አሠሪውም ይህን ተጠቅሞ ይበዘብዘናል ብለው የሚጠረጥሩም እነርሱ ናቸው። በሕፃናት ዙሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህ ነገር ይገባዋል። «አንቺ እኮ ለፍቅር ነው የምትሠሪው» የሚለው ምስጋና ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደመወዝ ሲጠየቅ ነው። ጥሪን በነጻ ከመሥራት ጋር አንድ ማድረግ ልጆቹንም ይጎዳል፤ የተራበና የደከመ ሰው ጆሮው አይሰማም።

የዕለት ሥራውም እንደ ኤድዋርድ ታሪክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሙዚቃ ቴራፒስቶች የመኪናቸውን ዕቃ ማስቀመጫ በከበሮና በጊታር ሞልተው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይነዳሉ። መሣሪያውን ከልጅ ልጅ መካከል በፀረ ተሕዋስያን ይወለውላሉ። ይነከሳሉ፣ ይቧጨራሉ። ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ አገልግሎቱ ለምን መቋረጥ እንደሌለበት በስብሰባ ላይ ያስረዳሉ። ሳምንታት ምንም ሳይለወጥ ያልፋሉ። መንገዱም አጭር አይደለም፦ በአሜሪካ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 1200 ሰዓት የተግባር ሥልጠና፣ ከዚያም የብቃት ፈተና፤ በብሪታንያ ሁለተኛ ዲግሪና የመንግሥት ምዝገባ፤ ሳይመዘገቡ በስያሜው መጠራት በሕግ ያስቀጣል። ይህን ሁሉ የሚጠይቁት ዝም ብለው አይደለም። ሙዚቃ የልጅን ሐዘን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የቀሰቀሰ ሰው እንዴት እንደሚያሳርፈው ማወቅ አለበት።

ለማን ይሆናል ቢባል፣ በእኔ ግምት መድረክ ለሚወድ ሙዚቀኛ አይሆንም። ቆንጆ ዜማ ጀምሮ ልጁ ስላልፈለገው መሃል ላይ መጣል የማይቆረቁረው ሰው ይፈልጋል። ችሎታው ግን ትንሽ ይበቃል ማለት አይደለም። ኖርዶፍ ለልጁ ጩኸት እዚያው የሚሆን ሙዚቃ ያገኘው ዕድሜውን ሙሉ ደራሲ ስለነበረ ነው። የኮሌጁን ደመወዝ ትቶት ሄደ እንጂ ሙያውን አልተወም።

ከውበት ሳሎን እስከ አቡጊዳ

ከእኛው መካከል እንዲህ ዓይነት መንገድ የሄዱ ሰው ካነሣን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይቀድማሉ። አሜሪካ ውስጥ በውበት ሙያ ሠርተው፣ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው የውበት ማሠልጠኛ የከፈቱ የተሳካላቸው ባለሙያ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ማጣታቸው በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን እንዲመሠርቱ አደረጋቸው። ኦቲዝም የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ በነበረበት፣ ልጅ በእርግማን ታመመ ተብሎ በጓዳ በሚደበቅበት ጊዜ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ብለው የነደፉት አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለው ዘዴ መነሻው ድምፅ ነው፤ ፊደሉን ከድምፁ፣ ድምፁን ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር ያያይዛል። እርሳቸው የሙዚቃ ሐኪም አልነበሩም። ነገር ግን ልጁ ከሚያወጣው ድምፅ መነሣት የሚለውን ነገር በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ግን በብዙ ቤተሰብ ቤት ይታወቃል።

ውጭ አገር ላሉ ወላጆች ደግሞ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ በሕግ የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጅለታል፤ ወላጆች አይ ኢ ፒ ብለው የሚጠሩት ነው። የሙዚቃ ሕክምና በዚህ ዕቅድ ውስጥ እንደ ተጓዳኝ አገልግሎት ሊካተት ይችላል፤ ልጁ ከትምህርቱ ለመጠቀም የሚያስፈልገው መሆኑ ከታየ። ወላጅ ግምገማ እንዲደረግ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ግምገማው ቀላል ሐሳብ ነው፦ ልጁ በዕቅዱ የተጻፈውን አንድ ግብ ያለ ሙዚቃ ሲሞክረውና በሙዚቃ ሲሞክረው ጎን ለጎን ይታያል፤ ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ ይጻፋል። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፤ ልጁ ቤት ውስጥ ምን ሰምቶ እንደሚረጋጋ፣ የትኛው እሹሩሩ እንደሚያስተኛው፣ ምን ሲሰማ ጆሮውን እንደሚይዝ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለሙያተኛው ይህ ወርቅ ነው።

ወደ ሙዚቃ ሕክምናው ክፍል ልመለስ። የስንብቱ ዜማ አልቋል፣ ልጁን እናቱ ይዛው ወጥታለች። ሙያተኛዋ ከበሮውን ወልውላ ቦታው መልሳ፣ ቀረጻውን ከፍታ ታዳምጣለች። በኖርዶፍና ሮቢንስ ዘመን በቴፕ ነበር፤ ዛሬ በቪዲዮ ነው፤ ልማዱ ግን ያው ነው። ዛሬ ልጁ አሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል ክፍሉን ሲዞር ነው የዋለው፣ ሁለት ጊዜ መስኮቱን መቷል። አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ቀረጻውን አቁማ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ዜማው መዝጊያው ላይ ቆሟል። ጸጥታ። የእግር ኮቴው ይቆማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ትቆጥራለች፤ ከዚያ ከበሮው አንዴ ይመታል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ነበር። ደብተሯ ላይ አራት ብላ ትጽፋለች።